የእማሆይ ስፒከር

ጎተንበርግ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለይሄይስ፤

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ ሽታዬና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታዬን በዚህ ጨርሻለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ሰላምታ አይደለም።

ስልክህን የዘጋሁት ተሳስቼ እንዳይመስልህ። ስንነጋገር አንተም ትጮኻለህ፣ እኔም እጮኻለሁ፤ ከዚያ መስመሩ ይቋረጥና ጥፋቱ የኔትወርክ ይሆናል። በወረቀት አትጮኽም። እናቴን በሽታዬ ስልክ አገኛታለሁ። «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም» ትለኛለች። እሷ ስታማርር ሰምቼ ስለማላውቅ ይህ ለእኔ ወሬ አይሆንም።

እውነቱን የነገረችኝ ሂዊ ናት። የሰፈራችን ልጅ ሂዊ፣ እዚህ አብራኝ የምትኖረው፣ ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት ገብታ እናንተም ዘንድ መጥታ ነበር። እናቴ ያችን የድሮ ስፒከር ታቅፋ ነው ያገኘቻት። ሽቦዋ ከግድግዳው ሲነቀል ስፒከሯ ወዲያው ጸጥ ትላለች አለችኝ። መብራት በሄደ ቀን እናቴ ቅዳሴዋን ሳትሰማ ትውላለች ማለት ነው። እግሯ ቤተ ክርስቲያን አያደርሳትም፣ ዓይኗ መጽሐፍ አያነብላትም፤ የቀራት ጆሮዋ ነው። መብራት በእናንተ ቀዬ ስንቴ እንደሚሄድ ደግሞ እኔ ለአንተ አልነግርህም።

ያችን ስፒከር ከአገር በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው የላክኳት። አርጅታለች፣ ባትሪዋ ሞቷል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት አዳዲስ ልኬያለሁ። የት ገቡ? ሂዊ ቤቱን ሁሉ ብትቃኝ አላየቻቸውም። ይጁቤ ገበያ ላይ ይሆን የምፈልጋቸው?

እዚህ የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። የማላውቃቸውን ሰዎች ሬዲዮ ሳይቀር ድምፁን አስተካክዬ፣ ትራሳቸው አጠገብ አድርጌ ነው የምወጣው። አንተ ያሳደገችህን ሴት አንድ ስፒከር ከካርቶን አውጥተህ መስጠት አቃተህ። የአባቴን መሬት ታርሳለህ፣ በግቢው ትኖራለህ፤ አንድም ቀን ለምን ብዬህ አላውቅም። ለእናቴ ከምልከው ዕቃ ላይ ግን እጅህን አንሣ። አዲሱን አውጥተህ ስጣት። አሮጌዋን ጣላት።

ድንግል ለእናቴ ጤና ትስጥልኝ፤ ለአንተም ልቦና።

የዓለምዘርፍ


ይጁቤ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየዓለምዘርፍ፤

ሰላምታሽ ደርሶናል፤ አጭር ስለነበር ቶሎ አለቀ። እኛ ደህና ነን። ልጆቹም፣ ከብቱም፣ አዝመራውም ደህና ነው። ደብዳቤሽ ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት ተኝቶ ከርሞ ነው ያገኘሁት። ከዚያም አጨዳ ላይ ነበርኩ። ያባትሽን መሬት ነው የማጭደው፣ አንቺ እንዳልሽው።

ሌባ ላልሽኝ መልስ አለኝ። ካዲሶቹ አንዷን እናትሽ እማሆይ በገዛ እጃቸው ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ሰጡ። ሁለተኛዋ ከነካርቶኗ አልጋቸው ሥር ናት። ሂዊ ጎንበስ ብላ አልጋ ሥር ስላላየች እኔ ገበያ ወጥቼ ሸጥኩ። ጥሩ ነው፤ ይመዝገብልኝ።

አሮጌዋን ጣላት ያልሽው ግን አይሆንም። ለምን ብትይኝ እማሆይ አይሆንም ስላሉ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፣ አልመልስልሽም።

ስፒከሯን ደብረ ማርቆስ ወስጄ ጌቱ ለሚባል የስልክ ጠጋኝ አሳይቻታለሁ። ከሥሯ ያለውን ጎማ ላጠው፤ ብሎኖቹ እዚያ ተደብቀው ኖሯል። ፈትቶ ባያት ባትሪው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ክዳኑን ሊገፈትረው ደርሷል። «ይህን ነው ሴትዮዋ ታቅፈው የሚተኙት? አንድ ቀን እሳት ይዞ ቤቱን ይበላው ነበር» ብሎ በወረንጦ አውጥቶ ውጭ አሸዋ ላይ ወረወረው። ቀንም ሌትም ተሰክቶ መኖሩ ነው የገደለው አለኝ። ሰክተሽ ተይው፣ አትንቀዪው ብሎ ለእማሆይ በስልክ ያዘዛቸው ማን እንደነበር ታስታውሻለሽ። እኔ አልነበርኩም።

ልኩ የሆነ ባትሪ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ጠፋ። ባትሪዋ ሦስት ሽቦ ነው ያለው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ደግሞም ሙቀቱን የሚጠብቅ ቢጫ። ጌቱ ለጊዜው የስልክ ባትሪ አስሮላታል፤ ቅዳሴው ሳይጋመስ ያልቅና ዝም ትላለች። ስለዚህ ለእናትሽ ማሰብ ካማረሽ ስፒከር መላክ ተዪና ባትሪ ላኪ። በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ጌቱ ገልብጦልሻል፤ ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው።

አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ ብለሻል። እዚህም አንዲት አሮጊት የሚጦሩበት ቤት አለ። ደሞዝ የለውም፣ የዓመት ፈቃድም የለውም። የመሬቱ ነገር ቅር ካለሽ ነይና እረሺ።

እማሆይ «እግዜር ይባርካት፣ ከክፉ ይሰውራት» ብለውሻል። እኔ የተባልኩትን ነው የጻፍኩት።

ይሄይስ


ጎተንበርግ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለይሄይስ፤

ለእናቴ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ በልልኝ። በቤቱ ላሉት ሁሉም እንዲሁ፤ አንተን ጨምሬያለሁ፣ በዓል ስለሆነ።

የጌቱን ወረቀት ይዤ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። የመጨረሻው ሱቅ ያለው ልጅ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። ይህች ስፒከር መሠራቷ ከቀረ ቆይቷል፣ ባትሪ ከምትፈልጊ አዲስ ግዢ አለኝ። አይ ብዬ በኢንተርኔት አዝዤ አገኘሁ። ይዤው ፖስታ ቤት ብሄድ ደግሞ ባትሪ ብቻውን በአውሮፕላን አይጫንም፣ እሳት ይነሣል ብለው መለሱልኝ። ሰው ፊት ቆሜ አፍሬ ተመለስኩ። ባትሪው መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን የምነግርህ ሞክሬ እንደነበር እንድታውቅ እንጂ እንድታዝንልኝ አይደለም።

አሁን አንተ የጻፍከውን መልሼ ላንብብልህ። አዲስ ስፒከር ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አለ። እናቴ አልጋው ላይ ሆና ቅዳሴዋ እየተቆረጠባት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ያንተ ክንድ ያህል ነው። እና ለምን ብዬ አልጠይቅም? አንተ ሁልጊዜ «እማሆይ አሉ» ትላለህ። እናቴ ያላለችውንም ያለችውንም የምሰማው በአንተ አፍ ነው፤ ይህ ነው የሰለቸኝ።

ስለዚህ ፎቶ ላክልኝ። እናቴ ከአዲሷ ስፒከር ጋር ተቀምጣ። ካልላክህልኝ የማደርገውን አውቃለሁ። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ፣ የምትንከባከባት ሴት ቀጥሬ እወስዳታለሁ። መሬቱንም ለእንዳላማው እሰጠዋለሁ። ያባቴ ወንድም ልጅ ነው፣ ከአንተ ይልቅ ይገባዋል።

ነይና እረሺ ላልከው፣ መምጣቴ አይቀርም። ሥራው ሲላላ እመጣለሁ።

የዓለምዘርፍ


ይጁቤ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየዓለምዘርፍ፤

ክርስቶስ ተንሥኣ እሙታን። ለጠላትም ይባላል።

ያዘዝሽው ፎቶ ከዚህ ጋር ነው፤ ማርቆስ አሳጥቤዋለሁ። እማሆይ የታቀፏት አሮጌዋን ነው። ልብ ብለሽ እዪ፣ ሽቦ የለባትም። ባትሪዋ አዲስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብትዘምር አይደክማትም። ከጓሮ ሆኜ ሳዳምጥ ካህን ቤት የገባ ይመስለኛል።

ባትሪው ከየት መጣ ትያለሽ። ካንቺ መጣ። ጌቱ አዲሷን ከካርቶን አውጥቶ ፈታትና ባትሪዋን ወሰደላት። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ናቸውና ሶኬቱ ገጠመ፣ ሦስቱም ሽቦ ቦታ ቦታውን አገኘ። ብቻ አዲሱ ባትሪ ትንሽ ወፈር ስላለ የአሮጌዋን ፕላስቲክ ከውስጥ ሞረድ አደረገላት። አሁን ሙሉዋ አሮጌዋ ናት፣ ባዶዋ አዲሷ። አዲሷ ስትሰካ ብቻ ትናገራለች፤ ሲነቅሏት ትሞታለች። ያዘዙት እማሆይ ናቸው። አንቺ ግን እኔ ነኝ ብለሽ እንደምትጽፊ ስለማውቅ ቀለም አላባክንም።

እንዳላማው መሬቱን ያርሰው ላልሽው፣ እንዳላማው በሬ የለውም፤ ካመጣ በሩ ክፍት ነው። እማሆይን አዲስ አበባ መውሰዱንም ራሳቸውን ጠይቂያቸው። ከደጃቸው የሚታየው የማርያም ጉልላት ነው። ዓይናቸው ደክሞ እንኳ በዚያ አቅጣጫ ዞረው ነው የሚያማትቡት። አዲስ አበባ ላይ ወደ የት እንደሚዞሩ አንቺ ታሳዪያቸዋለሽ።

ሥራው ሲላላ እመጣለሁ ብለሻል። ይህንኑ የጎረቤታችን ልጅ ዓይናዲስ ሲዳርም ጽፈሽው ነበር። ዓይናዲስ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው።

ይሄይስ


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሄይስ፤

ሰላምታ የለኝም።

አዲስ ዕቃ አርዶ አሮጌ ማዳን የት አገር ያየኸው ነው? ያችን ስፒከር ሌሊት ሠርቼ ነው የገዛኋት። ለሰው ብትሸጣት እንኳ ይገባኝ ነበር፤ ሰው ይቸገራል። አንተ ግን አልቸገረህም። ሆዷን ዘርግፈህ ባዶዋን አስቀመጥካት። የላክኩት ሁሉ ጥንብ ነው ልትለኝ ነው? ለእናቴም ይህንኑ ነው የምታሳያት?

ፎቶውን ሳየው አለቀስኩ፤ ይህንን በማወቅህ ደስ ይበልህ። እንዲህ መክሳቷን አንድም ቀን አልጻፍክልኝም። የአዝመራውን ጽፈሃል፣ የከብቱን ጽፈሃል።

በሽታዬ ስልክ ደወልኩላት። «እማዬ፣ አዲሷን ለምን አስፈታሻት?» አልኳት። «እኔ ነኝ ያልኩት፣ ልጁን ተዪው» አለችኝ። ለምን አልኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ «ሥራው ላላ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህንን ጥያቄ ያስተማርካት አንተ ነህ። ከእሷ አፍ አይወጣም። እኔን ከእናቴ ልትለየኝ እየሠራህ ነው። እጠላሃለሁ፤ በሕይወቴ ለሰው ጽፌው የማላውቀውን ነው የምጽፍልህ።

መልስ አልፈልግም። ከጻፍክም ምክንያቱን ብቻ ጻፍ፦ እናቴ ለምን ያችን አሮጌ ነገር የሙጥኝ እንዳለች። እሱን የማትጽፍ ከሆነ ቴምብሩን አታባክነው።

የዓለምዘርፍ


ይጁቤ፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለየዓለምዘርፍ፤

ክረምቱ አልፏል፣ በጋውም ተጋምሷል። ምክንያቱን ብቻ ጻፍ ስላልሽ ዝም ብዬ ከረምኩ፤ ምክንያቱን እንዳልናገር ምዬ ነበርና። ትናንትና መሐላዬ ወረደልኝ። አሁን ስሚኝ።

አሮጌዋ ስፒከር የመጣች ጊዜ እማሆይ አስይዘውኝ ደብራችን ማርያም ወረድን። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ከእጄ ተቀበሉና እንዲህ ብለው ተሳሉ፦ «እመቤቴ፣ ልጄን ከባሕር ማዶ በሰላም መልሰሽ ዓይኔ ሳይጠፋ ካሳየሽኝ፣ ከሄደች መጀመሪያ የላከችልኝን ይህችን፣ እየዘመረች ደጅሽ አስገባታለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በመስቀሉ አስማሉኝ። «እንዳትነግራት። ለስእለቴ ብላ መምጣቷን አልፈልገውም። ከናፈቅኳት ትምጣ» አሉኝ።

ለዚህ ነው አዲስ ስትልኪ ወይ የሚሰጡት ወይ አልጋ ሥር የሚከቱት። የተሳሉትን በሌላ መለወጥ እንዴት እንደሚፈራ አንቺም ቤታችን አድገሽ ታውቂዋለሽ። ለዚህ ነው አዲሷ ታርዳ አሮጌዋ የተረፈችው። እየዘመረች ብለው ነው የተሳሉት፤ ዝም ያለች ስፒከር ለማርያም አይገባም። ባትሪው እያለቀ ዓመት አለፈ፣ ዓመት አለፈ፣ አንቺ ግን አልመጣሽም። እኔ ስድብሽን እየተቀበልኩ ማርቆስ የተመላለስኩት ለጌቱ ሱቅ ፍቅር ይዞኝ አይደለም።

አሁን ደግሞ የሆነውን ስሚ። ከመስከረም ወዲህ የእማሆይ ዓይን ጭራሽ ጠፋ። ጥላ ብቻ ነው የሚታያቸው። ለአስተርዮ ማርያም ጠዋት «በቅሎውን ጫን፣ ስፒከሯንም ያዝ» አሉኝ። ዓመት በዓል ነውና ለመሳለም መስሎኝ ያዝኩላቸው። ታቦቱ ከገባ በኋላ ስእለት የሚያስገቡ ሰዎች ጥላና ምንጣፍ ይዘው ተሰልፈዋል። እማሆይ እጄን ይዘው ከሰልፉ ገቡ። ስፒከሯን ክፈታት አሉኝ፤ ከፈትኳት፤ ኪዳኑ መሰማት ጀመረ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ፊት ስንደርስ፣ «ልጄ መጥታልኛለች አባቴ፤ ስእለቴን ተቀበሉኝ» አሉ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አፌን ብከፍት እማሆይን ሕዝብ ፊት አዋርዳለሁ። ብዘጋው ማርያም ፊት እዋሻለሁ። ዘጋሁት። ቄሱ በድምፅ ማጉያው፣ «እማሆይ ወለተ ሰንበት ልጃቸው ከባሕር ማዶ በሰላም ስለገባችላቸው ያቀረቡት ስእለት ነው» ብለው አወጁ። ሴቱ ሁሉ እልል አለልሽ። ወንዱ አጨበጨበልሽ። እማሆይ መሬት ስመው ተነሡ።

ወደ ቤት ስንመለስ የምስበውን በቅሎ አቁሜ፣ «ምን አደረጉ እማሆይ?» አልኳቸው። «አትመጣም እኮ ይሄይስ። ማርያምን ማስጠበቅ ደከመኝ። ዕዳ ይዤ አልሞትም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እስከ ትናንት ስላንቺ አላነሡም። እኔንም ከመሐላዬ የፈቱኝ ትናንት ነው። «ከፈለግህ ንገራት፣ አሁን ምንም አይለውጥም» ነው ያሉኝ።

ሰው ግን እየመጣ ነው። እንኳን ደህና ገባች እያለ፣ አንዱ ጠላ፣ አንዱ ዶሮ ይዞ። ሽታዬ በሩ ላይ ቆማ ማርቆስ ሄዳለች፣ ጉዳይ አለባት እያለች ትመልሳለች። ባንቺ ምክንያት ሚስቴ ውሸታም ሆናለች።

ቤቱ ድምፅ የለውም። ባዶዋን አዲሷን ሰክቼላቸው ነበር፤ ንቀላት አሉኝ። አንቺን በተመለከተ ከእንግዲህ መምጣትም አያስፈልግሽም። ሥራሽን ሥሪ። አንቺ እዚህ ገብተሻል፤ እልልም ተብሎልሻል።

ይሄይስ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይሄይስ፤

ይህ ደብዳቤ ከእኔ በፊት ይደርስ እንደሆነ አላውቅም። ሥራ ቦታ ፈቃድ አልጠየቅኩም። እሄዳለሁ ብዬ ነግሬያቸው ወጣሁ።

ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። ምላሴ በመሐላ ታስሮ ነበር ብለሃል። ያ የታሰረ ምላስ እኔን ለመስደብ ሲሆን ልቅ ነበር። «እናትሽ ዓይኗ እየጠፋ ነው» ብሎ ለመጻፍ ከመሐላ መፈታት አያስፈልግም ነበር። ስለ መሬቱም፣ ስለዚህም፣ ስለ ሌላውም እዚያው ፊት ለፊት እንነጋገራለን። እጮኻለሁ፤ የሚቋረጥ መስመርም አይኖርም።

የምመጣው እናቴ ማርያም ፊት ውሸታም ሆና እንዳትቀር ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልግልኝ። ሽታዬ ለሚጠይቋት ሰዎች ማርቆስ ናት እያለች ትቀጥል። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ እውነቷን ይሆናል።

መሳቢያዬ ውስጥ ያለውን ባትሪ ይዤዋለሁ። በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል አሉኝ፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ የለም። ባዶዋን ስፒከር ለጌቱ አድርሳት፤ ቤቱ ድምፅ ይኑረው።

መናኸሪያ ወጥተህ እንዳትቀበለኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ካደረግህልኝ ይበቃኛል።

ለእናቴ ሥራው ላላ በልልኝ።

የዓለምዘርፍ